የመንግሥት ቃል በባሕር ላይ፤ ለንግድ መርከቦች የሚላክ የራዲዮ መልእክት ታሪክ

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጐሰማል፤ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል፤ ዐዋጅ ነጋሪውም «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ብሎ የታዘዘውን ያሰማል። ይህ ሥርዓት ቀላል መስሎ ቢታይም ሦስት ብልሃቶች አሉት። አንደኛ፣ የሚነገርበት ቀንና ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፣ የነጋሪቱ ድምፅ ከገበያው ጩኸት ሁሉ የተለየ ስለ ሆነ፣ ሰሚው ገና ቃሉን ሳይሰማ የሚነገረው ነገር የመንግሥት መሆኑን ያውቃል። ሦስተኛ፣ ላልተገኘው ሰው ቃሉን የማድረስ ኀላፊነት በሰሚው ላይ ይወድቃል።

ነገር ግን ዐዋጁ የሚመለከተው ሰው በገበያው ቀርቶ በምድር ላይ እንኳ ባይገኝስ? እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ድረስ አንዲት የንግድ መርከብ ከወደብ ወጥታ ከዓይን ከተሰወረች በኋላ፣ የትኛውም መንግሥት ቢሆን እርስዋን ጠርቶ አንዲት ቃል ሊነግራት አይችልም ነበር። ጦርነት ቢነሣ፣ በመንገድዋ ላይ በረዶ ቢንሳፈፍ፣ ወይም የወደቡ መብራት ቢጠፋ፣ መርከበኞቹ የሚያውቁት ደርሰው ሲያዩት ብቻ ነው። ሽቦ የሌለው ቴሌግራፍ፣ ማለት ራዲዮ፣ ይህን ዝምታ ሰበረው። ይሁን እንጂ መልእክቱን በሰማይ ላይ መላክ መቻልና መልእክቱን ለሚገባው ሰው ማድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዓለም የተማረው በብዙ ነፍስ ዋጋ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት እንዴት እንደ ተገኘ በታሪክ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ የተባለው ኢጣሊያዊ የፈጠራ ሰው በታኅሣሥ ወር 1898 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ምሥራቃዊ ባሕር ላይ በምትቆም አንዲት የመብራት መርከብ ላይ የራዲዮ መሣሪያ አኖረ። በመጋቢት ወር 1899 ዓ.ም. ኤልበ የምትባል የንግድ መርከብ በዚያው አካባቢ በአሸዋ ላይ በተቀመጠች ጊዜ፣ የመብራት መርከቢቱ በራዲዮ ለምድር አስታወቀች፤ የነፍስ አድን ጀልባም ተላከ። በ1906 ዓ.ም. በበርሊን በተደረገው የመንግሥታት ጉባኤ «ኤስ ኦ ኤስ» የተባለው የአደጋ ምልክት ተወሰነ። ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮም በፓሪስ ከተማ ከኤፌል ግንብ ላይ ትክክለኛው ሰዓት በራዲዮ ስለሚነገር፣ መርከቦች በውቅያኖስ መካከል ሆነው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር። ሰዓትን ማወቅ ለመርከብ አዛዥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የት ላይ እንዳለ ማወቅ ስለ ሆነ፣ ይህ ቀላል አገልግሎት አልነበረም።

ሆኖም በዚያ ዘመን በመርከብ ላይ የሚሠራው ራዲዮ ከሁሉ አስቀድሞ የንግድ ዕቃ ነበር። የራዲዮ ሠራተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የመርከቢቱ መኰንኖች ሳይሆኑ የራዲዮው ኩባንያ ቅጥረኞች ነበሩ፤ ገቢ የሚገኘውም ሀብታሞች ተሳፋሪዎች ለወዳጆቻቸው ከሚልኩት ቴሌግራም ነው። አንድ መልእክት ለመርከቢቱ ደኅንነት የሚያስፈልግ ቢሆን ለማን፣ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ፣ በምን ሁኔታ መሰጠት እንዳለበት በሕግ ተለይቶ የታወቀ አልነበረም። የዚህ ጉድለት ውጤት በሚያዝያ ወር 1912 ዓ.ም. ታየ።

ታይታኒክ የሰመጠችው ማስጠንቀቂያ ስላልተላከላት እንዳልሆነ በምርመራው ተረጋግጧል። ሚያዝያ 14 ቀን ከጧቱ በ3 ሰዓት ካሮኒያ ከምትባል መርከብ ስለ በረዶ የሚናገር መልእክት ደረሰ፤ ለአዛዡ ለካፒቴን ስሚዝ ተሰጠ፤ እርሱም መኰንኖቹ እንዲያዩት አደረገ። ይህ እንደሚገባ የደረሰ መልእክት ነው። ከቀኑ በ7 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ባልቲክ የተባለችው መርከብ ሌላ ማስጠንቀቂያ ላከች። ካፒቴኑ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በመርከቢቱ ላይ ይጓዝ ለነበረው ለኩባንያው ሹም ለኢዝሜይ ሰጠው። ኢዝሜይም በኪሱ ከተተው፤ ወረቀቱ ተመልሶ የተጠየቀው ምሽት ላይ ነው።

ሦስተኛው መልእክት ከሁሉ የሚያስገርም ነው። አሜሪካ የምትባለው የጀርመን መርከብ ሁለት ታላላቅ የበረዶ ተራሮችን አይታ፣ ይህን ለዋሽንግተን የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት ለማስታወቅ ፈለገች። የራስዋ ራዲዮ እስከ ምድር ስለማይደርስ፣ መልእክቱን እንድታስተላልፍላት ለታይታኒክ ሰጠቻት። ታይታኒክም ቃሉን ተቀብላ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ላለው ለኬፕ ሬስ ጣቢያ አስተላለፈች። ከአደጋው የተረፉት የመርከቢቱ መኰንኖች ግን ይህን መልእክት እንዳልሰሙት መስክረዋል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚለው ሕግ በታይታኒክ ላይ ተፈጽሟል፤ ለሩቁ መሥሪያ ቤት አሰምታለች፤ ራስዋ ግን አልሰማችም። ወረቀቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድራሻ ስለ ተጻፈበት በራዲዮ ክፍል ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ ተቈጠረ፤ የተጻፈው ነገር ግን መርከቢቱ ራስዋ ልትሄድበት ያለው መንገድ ነበር።

ከዚህ በፊት በነበረው ሌሊት መሣሪያው ተበላሽቶ ስለ ነበር፣ የተሳፋሪዎች ቴሌግራም ተከማችቶ ሠራተኞቹን አጨናንቋቸዋል። ከምሽቱ በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሜሳባ የተባለችው መርከብ ብዙ በረዶ ያለበትን ስፍራ ለይታ ነገረች፤ ይህም ወረቀት ወደ መምሪያው ክፍል አልደረሰም። ወደ 5 ሰዓት ገደማ በአቅራቢያ የነበረችው ካሊፎርኒያን በበረዶ ተከብባ መቆምዋን ተናገረች። ሠራተኛዋ ግን ቃሉን በወዳጅ ወግ ጀመረው እንጂ፣ ለአዛዡ በቀጥታ እንዲሰጥ የሚያስገድደውን የአገልግሎት ምልክት አላስቀደመበትም። የታይታኒክ ሠራተኛ ከኬፕ ሬስ ጋር እየተነጋገረ ስለ ነበረ ዝም እንዲል ነገረው። የካሊፎርኒያን ሠራተኛ ጥቂት ቆይቶ መሣሪያውን ዘግቶ ተኛ። በ5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ታይታኒክ ከበረዶው ጋር ተጋጨች። «ኤስ ኦ ኤስ» ስትል በቅርብ ያለችው መርከብ ጆሮዋ ተዘግቶ ነበር። ከ2,200 ያህል ሰዎች ወደ 1,500 የሚሆኑት ሞቱ።

እንግዲህ የታሪክ መምህር ይህን ሁሉ ሲመለከት የአንድን ሰው ስንፍና ብቻ ማየት የለበትም። መሣሪያው ሠርቷል፤ ሠራተኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ደክመዋል፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ጃክ ፊሊፕስ እስከ መጨረሻው ጥሪ ሲያደርግ ሕይወቱን አጥቷል። የጎደለው ሥርዓት ነበር። የመልእክቶች ማዕርግ አልተለየም፤ የመስሚያ ሰዓት አልተወሰነም፤ ወረቀቱ በማን እጅ መግባት እንዳለበትም አልተደነገገም።

ከአደጋው በኋላ መንግሥታት በ1912 እና በ1914 ዓ.ም. በለንደን ተሰብስበው መከሩ። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. የተፈረመው የሰው ነፍስ በባሕር ላይ ስለሚጠበቅበት ሁኔታ የሚናገረው ስምምነት፣ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች የሚጓዙባቸው መርከቦች ራዲዮ እንዲኖራቸው፣ አደገኛ በረዶ ያየ አዛዥም በአካባቢው ላሉት መርከቦች እንዲያስታውቅ አስገደደ። በሰሜን አትላንቲክ በረዶን የሚጠባበቅ የመርከብ ጥበቃም ተቋቋመ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስምምነቱን በጊዜው ከመፈጸም ቢያግደውም፣ ሐሳቡ በ1929 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ታድሶ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ መልእክቶች በማዕርግ ተለዩ። ከሁሉ በላይ የአደጋ ጥሪ፣ ቀጥሎ የአስቸኳይ ጉዳይ፣ ቀጥሎ የደኅንነት ማስታወቂያ፣ ማለት ስለ ማዕበል፣ ስለ ጠፋ መብራት፣ ስለ ተንሳፋፊ ስብርባሪ የሚነገረው ሆነ። የመንግሥት ቴሌግራም ከነጋዴና ከግል ቴሌግራም ይቀድማል፤ ነገር ግን ነፍስ የሚጠፋበትን ጥሪ ሊያቋርጥ አይችልም። በዚህ ሕግ የሚኒስትር ቃል እንኳ በመስጠም ላይ ካለ ተራ መርከበኛ ቃል በታች ተቀመጠ።

ሁለተኛ፣ የዝምታ ጊዜ ተወሰነ። በመርከብ የራዲዮ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት ፊቱ በቀይ ቀለም በሁለት ስፍራ የተቀባ ነበር። ይህም በየሰዓቱ ከ15ኛው እስከ 18ኛው ደቂቃና ከ45ኛው እስከ 48ኛው ደቂቃ ድረስ በ500 ኪሎሄርትዝ ላይ ማንም እንዳይናገር፣ ሁሉም እንዲያዳምጥ የሚያሳስብ ነው። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በመላው ዓለም ያሉ የራዲዮ ሠራተኞች ዝም ብለው የደካማውን ድምፅ ይጠባበቁ ነበር። ሠራተኛው በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ፣ እያንዳንዳቸው አራት ሴኮንድ የሚቆዩ 12 ረጃጅም ምልክቶች ሲላኩ ደወል የሚደውል መሣሪያ ተሠራ። የካሊፎርኒያን ሠራተኛ እንደ ተኛ የሚቀርበት ዘመን በዚህ አበቃ።

ሦስተኛ፣ የጥሪ ዝርዝር የሚባለው ልማድ ጸና። ለአንዲት መርከብ የሚላክ ቃል በመጀመሪያ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ጠረፍ ራዲዮ ጣቢያ ይደርሳል። ጣቢያው አስቀድሞ በታተመው ሰዓት፣ መልእክት የተቀመጠላቸውን መርከቦች የጥሪ ምልክት በፊደል ተራ ያነባል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ምልክት እስኪሰማ ያዳምጣል፤ ስሙ ከተጠራ ወደ ጣቢያው ይመልሳል። ይህ ከክፍል የስም ጥሪ ጋር ስለሚመሳሰል ለመምህር ሊያስረዱት አያስቸግርም። አንድ የራዲዮ ሠራተኛ ብቻ ያላቸው ብዙዎቹ የጭነት መርከቦች ቀኑን ሙሉ ሊያዳምጡ ስለማይችሉ፣ የዓለም ባሕሮች በክልል ተከፍለው ለእያንዳንዱ ክልል የማዳመጫ ሰዓት ተመደበ፤ የጠረፍ ጣቢያዎችም ማስታወቂያቸውን በዚያው ሰዓት እንዲያነቡ ሆነ። በእንግሊዝ አገር የነበረው ፖርቲስሄድ ራዲዮ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ዓይነት ሥራ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነበር።

አራተኛው ደረሰኝ ነው። ቴሌግራሙ ሲነበብ በራሱ ላይ የላኪው ጣቢያ ስም፣ ተራ ቁጥር፣ የቃላቱ ብዛት፣ ቀንና ሰዓት ይነገራል። ተቀባዩ የጻፋቸውን ቃላት ይቈጥራል፤ ቁጥሩ ካልገጠመ እንዲደገምለት ይጠይቃል፤ ከገጠመ መቀበሉን በምልክት ያስታውቃል፤ በራዲዮው መዝገብም ይጽፋል። በቋንቋችን ይህን ማረጋገጫ «ደረሰኝ» ማለታችን እጅግ ትክክል ነው። ቃሉ የተናገረው ሰው ሳይሆን የሰማው ሰው የሚናገረው ምስክርነት ነውና።

ይህ ሥርዓት በጦርነት ጊዜ ተፈተነ። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1914 ዓ.ም. ክሮንፕሪንሴሲን ሴሲሊ የተባለችው የጀርመን መርከብ ከ1,000 በላይ ተሳፋሪዎችና 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ወርቅ ይዛ ከኒውዮርክ ወደ አውሮፓ ትጓዝ ነበር። በውቅያኖስ መካከል ሳለች ጦርነት መቃረቡን የሚናገር ምስጢራዊ የራዲዮ ቃል ደረሳት። አዛዡም መብራቷን አጥፍቶ ወደ ኋላ መለሳት፤ ነሐሴ 4 ቀን በአሜሪካ አገር በሜይን ጠረፍ ባር ሃርበር በተባለ ትንሽ ወደብ ገባች። ከ20 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህች መርከብ ምንም ሳታውቅ በጠላትዋ እጅ በገባች ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አዲስ ችግር ተነሣ። የእንግሊዝ የባሕር ኀይል መሥሪያ ቤት ነሐሴ 26 ቀን 1939 ዓ.ም. የአገሩን የንግድ መርከቦች በሥልጣኑ ሥር አደረገ። ነገር ግን መርከብ በራዲዮ መልስ ከሰጠች ጠላት አቅጣጫዋን ለክቶ ያለችበትን ስፍራ ያገኛል። ስለዚህ መርከቦቹ እንዲሰሙ እንጂ እንዳይናገሩ ታዘዙ። ደረሰኝ ቀረ። በደረሰኙ ፋንታ መልእክቱ በተወሰነ ሰዓት፣ በተራ ቁጥር፣ ደጋግሞ እንዲነገር ተደረገ። ዝምታው የሚፈርሰው መርከቢቱ ራስዋ ስትጠቃ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አጥቂው የጦር መርከብ፣ ሰርጓጅ ወይም አውሮፕላን መሆኑን በአንድ ፊደል አራት ጊዜ ደጋግማ ትናገራለች። ብዙ የራዲዮ ሠራተኞች ይህን ፊደል ሲልኩ በተኵስ ሞተዋል።

ምስጢር መጠበቅም የሥርዓቱ አካል ሆነ። አትላንቲስ የተባለችው የንግድ መርከብ መስላ የምትዞር የጀርመን የጦር መርከብ ሐምሌ 11 ቀን 1940 ዓ.ም. በሕንድ ውቅያኖስ ሲቲ ኦፍ ባግዳድ የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ በያዘች ጊዜ፣ የንግድ መርከቦች መልእክት የሚፈታበት የምስጢር መጽሐፍ በእጅዋ ገባ። ከዚያ በኋላ ለወዳጅ የተነገረው ቃል ለጠላትም የተነገረ ሆነ። መልእክት ለሚገባው ሰው መድረሱ ብቻ ሳይሆን፣ ለማይገባው አለመድረሱም ያስፈልጋል።

ዛሬ የሞርስ ፊደል ከንግድ መርከቦች የግዴታ ሥራ ወጥቷል። አዲሱ ዓለም አቀፍ የባሕር አደጋና ደኅንነት ሥርዓት ከየካቲት 1 ቀን 1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ጸንቷል። በጠረፍ አካባቢ ናቭቴክስ የሚባለው አገልግሎት በ518 ኪሎሄርትዝ ላይ ጽሑፍ ይልካል፤ በመርከቢቱ ላይ ያለው መሣሪያ ሰው ባይኖርም ተቀብሎ ያትማል ወይም በመስታወቱ ላይ ያሳያል። እያንዳንዱ ጣቢያ በየአራት ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ተራ አለው። በመልእክቱ ራስ ላይ አራት ምልክቶች አሉ፤ የጣቢያው ፊደል፣ የጉዳዩ ፊደል፣ ሁለት አኃዝ ያለው ተራ ቁጥር። መርከበኛው የማያስፈልገውን ዓይነት መልእክት እንዳይታተም ሊያዝዝ ይችላል፤ የጉዞ ማስጠንቀቂያን፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያንና የፍለጋና የነፍስ አድንን ቃል ግን ሊከለክል አይችልም። የባልቲክ ወረቀት በኪስ የገባበት፣ የሜሳባ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ የቀረበት ታሪክ በዚህች ትንሽ ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ከጠረፍ ለራቁት መርከቦች ደግሞ ቃሉ በሳተላይት ይላካል፤ በአንድ የባሕር ክልል ውስጥ ላሉት ሁሉ ለይቶ መናገርም ተችሏል።

የዓለም ባሕሮች ለዚህ ማስጠንቀቂያ በ21 ክልሎች የተከፈሉ ሲሆን፣ ቀይ ባሕር በ9ኛው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ የዚህ ክልል አስተባባሪ ፓኪስታን ናት። ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ አገራችን ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም መርከቦችዋ በባሕር ላይ መሄዳቸውን አልተዉም። የራዲዮ ጥሪያቸው ለኢትዮጵያ በተመደቡት «ኢ» እና «ቲ» በተባሉት የላቲን ፊደላት ይጀምራል፤ በአዲሱ ሥርዓት የሚሰጣቸው ዘጠኝ አኃዝ ያለው መለያ ቁጥርም 624 ብሎ ይጀምራል። ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃችንም ከፊሉ በባብ ኤል መንደብ በኩል የሚያልፍ ነው።

ከኅዳር ወር 2023 ዓ.ም. ጀምሮ በየመን ያሉት የሁቲ ኀይሎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦችን ማጥቃት በጀመሩ ጊዜ፣ የድሮው ጥያቄ ሁሉ ተመልሶ መጣ። በየካቲት ወር 2024 ዓ.ም. የተመታችው ሩቢማር በመጋቢት 2 ቀን ሰመጠች፤ ከአራት ቀን በኋላ ትሩ ኮንፊደንስ በተባለችው መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች ተገደሉ። በዚያው ወራት ራሱን የየመን ባሕር ኀይል ብሎ የሚጠራ ድምፅ መርከቦችን በራዲዮ እየጠራ አቅጣጫቸውን እንዲለውጡ ማዘዙን በአካባቢው መርከቦችን የሚያሳስበው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት አስታውቋል። አዛዡ ሁለት ቃል ይሰማል፤ የትኛው የእውነተኛው ሹም እንደ ሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መለየት አለበት። የነጋሪቱ ድምፅ ከገበያው ጩኸት ተለይቶ መታወቅ ያለበት ለዚህ ነበር።

የተከበራችሁ መምህራንና የትምህርት ቤት ሹማምንት ሆይ፤ ይህ ታሪክ ከባሕር ርቆ ላለ ሰውም የሚያገለግል ይመስለኛል። በእኛም ሥራ በየጊዜው የመንግሥት ቃል በደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው በመዝገብ ተጽፎ ወጥቷል ማለት በሩቅ ወረዳ ያለው መምህር ሰምቶታል ማለት አይደለም። ስለ ፈተና ቀን የተጻፈው ወረቀት በአንድ መሳቢያ ቢቀር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ወረቀቱን ያስቀመጠው ሰው ሳይሆን ተማሪው ነው። ስለዚህ የሚልክ ሁሉ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ሰሚው በምን ሰዓት ያዳምጣል? ይህ ቃል ከሌላው በማዕርግ የሚለየው በምንድን ነው? መድረሱንስ ማን መሰከረ?

ለክፍልም የሚሆን ልምምድ አለ። መምህሩ ከላይ የተዘረዘሩትን የታይታኒክ መልእክቶች ከነሰዓታቸው በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያም ተማሪዎቹን አንድ በአንድ «በ5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይህ ወረቀት የት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። አንዱ በመኰንኖቹ ፊት፣ አንዱ በሰው ኪስ ከርሞ የተመለሰ፣ አንዱ ወደ ዋሽንግተን የተላለፈ፣ አንዱ ከራዲዮው ክፍል ያልወጣ፣ አንዱም ጭራሽ ሳይጻፍ የቀረ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት በቀይ ቀለም ለምን እንደ ተቀባ መምህሩ ሳይነግራቸው ያውቁታል።